ለንደን ያገለገለች

ስልክ ሊገዛ ከሚመጣ ሰው ሁሉ እንደ ስልክ ዜና አንባቢ የሚያንገሸግሸኝ የለም። ገንዘብ ያጠረው ይመጣል፤ «አንቲ አቤኒ፣ ያለኝ ይኸው ነው፣ የምትሆነኝን ፈልጊልኝ» ይለኛል፤ እፈልግለታለሁ፣ መርቆኝ ይሄዳል። ሌባም ይመጣል፤ ዓይኑን አይቼ አባርረዋለሁ። ዜና አንባቢው ግን ደረቱን ነፍቶ ይመጣና፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ጣቴ እስኪላጥ ስፈታው የኖርኩትን ስልክ ለእኔው ሊያስተምረኝ ይቃጣዋል። «ሾልኮ የወጣ መረጃ አለ» ይለኛል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከየት ነው የሾለከው? ከጎረቤቱ ስልክ! ጎረቤቱስ ከየት አመጣው? ከእሱ! እንዲሁ ሲቀባበሉት ይውሉና መጨረሻ ላይ እርስ በርሳቸው «አላልኩህም?» ይባባላሉ።

ሱቄ ሌጎስ፣ ኢኬጃ የስልክ ገበያው ውስጥ ነው። ሱቅ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ የመስታወት ሳጥን፣ አንድ ዣንጥላ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣ ከኋላ ስታስነጥስ የምትውል አንዲት ጄኔሬተር፤ በቃ። በኛ ገበያ አሮጌ ስልክ ሁለት ዓይነት ነው፤ ለንደን ያገለገለና ሌጎስ ያገለገለ። ለንደን ያገለገለ ማለት ፈረንጅ ይዞት፣ ሲጠግበው ጥሎት፣ በሰው ሻንጣ የመጣ ማለት ነው። ሌጎስ ያገለገለ ማለት ደግሞ እኔና እናንተ በላባችንና በአቧራችን መሃል የያዝነው ማለት ነው። የመጀመሪያው እንደ አምባሳደር ይከበራል፤ ሁለተኛው እንደ ተባረረ ዘበኛ ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

የሚለያቸው ምን መሰላችሁ? የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ተለጣፊ ወረቀት። ወረቀቷ የምትታተመው ከእኔ ሦስተኛው በር ላይ ነው፤ ማሽኑ ሲንኳኳ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። አልዋሽም፣ የእኔ መስታወት ውስጥ ለንደን አገልግለናል ብለው ከተደረደሩት ግማሾቹ ባሕር አቋርጠው አያውቁም። ሩቅ ሄዱ ከተባለ ኢባዳን ነው የደረሱት። ታዲያ ምን ላድርግ? አንድ ሰሞን እውነቱን ሞክሬው ነበር። «ይቺ የዚሁ የሠፈራችን አስተማሪ የያዛት ናት፣ ንጹሕ ናት» ስል ገዢው አፍንጫውን ነፍቶ ወደ ጎረቤቴ ይሄዳል። የገዛ እጁን የሚጸየፍ ሰው ሲመጣልኝ እኔ ምን አገባኝ? ወረቀቷን ለጥፌ እሸጥለታለሁ።

የዜና አንባቢዎቹ ሁሉ አለቃ ኦጋ ሱራጁ ነው፤ ኦጋ እኛ ጋ ጌታው እንደማለት ነው። አጌጌ የሚኖር፣ ውሃ መሥሪያ ቤት ፋይል ቤት የሚሠራ፣ ዕድሜው ስልሳን ሊደፍን ትንሽ የቀረው ሰውዬ። «ነቄ ገዢዎች» የሚባል የስልክ ቡድን አለው፤ አራት መቶ ሰው ሰብስቦበታል። ጠዋት ሰግዶ እንደጨረሰ፣ መስገጃውን ሳያጥፍ በፊት፣ «ሰበር ዜና!» ይላል። የትኛው ስልክ ሊወጣ እንደሆነ፣ የትኛው ዋጋው ሊንኮታኮት እንደሆነ፣ የትኛውን ሞኝ ብቻ እንደሚገዛው፤ አያልቅበትም። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ ከቢሮው ይጠፋና እኔ ጋ መጥቶ፣ የተጠበሰ ሙዙን እየገመጠ፣ በቅባት ጣቱ መስታወቴን እየነካካ ዋጋ ሲጠይቅ ይውላል። አይገዛም። እሱ ራሱ የሚይዛት ስልክ ምን እንደምትመስል ብታዩ! መስታወቷ ተሰነጣጥቆ በፕላስተር ተይዟል። «ትክክለኛውን ጊዜ እየጠበቅኩ ነው» ይለኛል። ስድስት ዓመቱ ነው ሲጠብቅ።

እንዲህ ያለውን ሰው ስቄበት ባልፈው ደስ ባለኝ። ችግሩ ልጅ አለችው።

ሞሩፋት ገሌ አሳሪ ናት። ገሌ ማለት ሴቶቻችን ለሠርግ ራሳቸው ላይ የሚቆልሉት ያ ደረቅ፣ የሚንኮሻኮሽ የራስ ጨርቅ ነው። ሌላ ሰው ሲያስረው ወይ ይንጋደዳል፣ ወይ ራስ ያሳምማል፤ እሷ እጥፋቱን አንድ በአንድ ደርድራ ስታስረው ግን አክስቴን እንኳን ሚኒስትር ያስመስላታል። አባትየው በሕይወቱ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ዕቃ ገዝቶ፣ ትምህርት ስትጨርስ ካሜራዋ ባለ ሦስት ዓይን የሆነ ስልክ ሰጣት። ልጅቷ በዚያች ስልክ ሰው ሆነች። የምታስረውን ሁሉ ትቀርጻለች፣ ለሰው ትልካለች፣ ያየ ይደውልላታል። ሌላ ሱቅ የላትም። ስልኳን ሳትታጠብ አትነካትም። መብራት መዋዠቅ ሲጀምር ከቻርጀር ትነቅላታለች። ከተረፈ ሰማያዊ የሠርግ ጨርቅ ትንሽ ከረጢት ሰፍታላት እዚያ ውስጥ ታስተኛታለች።

አንዲት ጭረት ብቻ ነበረባት፤ ከቻርጀር ቀዳዳው ጎን፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል። እሷን ጭረት ያደረግኳት እኔ ነኝ። የታናሽ እህቴ ሠርግ ዕለት ሞሩፋት ገሌዬን እያሰረችልኝ ሳለ፣ ራሴን ለማየት ቸኩዬ፣ ስፒል በጣቶቼ መሃል እንደያዝኩ ስልኳን ከጠረጴዛው ላይ አፈፍ አደረግኳት። ጫር! አደረጋት። እኔ ደነገጥኩ፤ እሷ ግን «ምንም አይደል አንቲ፣ ራስዎን ብቻ ቀጥ አድርገው ይያዙልኝ» ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ዳግመኛም አላነሳችብኝም። የዚያን ቀን ያገኘሁትን አድናቆት እስከ ዛሬ እየመነዘርኩ እበላዋለሁ።

እንግዲህ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ኦጋ ሱራጁ ትልቁን ዜና አወጣ። «ሰበር! ነቄዎች ሆይ! በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ አዲሷ ስልክ ትወጣለች! ያን ቀን የአሮጌዎቹ ዋጋ በግማሽ ይወርዳል! ዛሬ የሸጠ ይስቃል፣ ያልሸጠ ያለቅሳል!» በማግስቱ፣ ማክሰኞም ሳይሆን፣ ከች አለ።

«አቤኒ ልጄ፣ ዛሬ ጉድ ይዤልሽ ነው የመጣሁት» አለኝ። ከደረት ኪሱ ያቺን ሰማያዊ ከረጢት አወጣ። ከረጢቷን ሳያት ድንግጥ አልኩ።

«ይቺ የሞሩፋት አይደለችም እንዴ?»

«የእኔ ናት! እኔ አይደለሁ የገዛኋት? አሁን በውድ እሸጣታለሁ፣ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ዋጋው ሲወድቅ የተሻለች፣ ለንደን ያገለገለች እገዛላታለሁ፣ ትርፌንም እይዛለሁ። ሒሳቡ ገባሽ?»

«ልጅቷስ ምን አለች?»

«አለቀሰች። ሴት ልጅ ስለ ገበያ ምን ታውቃለች?»

ይሄን የሚለው ለማን ነው? ለእኔ! ሰውዬው ደግሞ ምሥጢር የሚይዝ አይደለም፤ ሁሉንም ዘከዘከው። ማዳም ኦሞቦላንሌ የምትባል፣ የሀብታም ሠርግ የምታሰናዳ ሴትዮ ሞሩፋትን አግኝታታለች። መስከረም ውስጥ ለአርባ ሴት ገሌ የሚታሰርበት ሠርግ አለ። ሞሩፋት እስከ መስከረም ሁለተኛው ዓርብ ማታ ድረስ የሥራዋን ቪዲዮ ከላከችላትና የሙሽራዋ እናት ከወደደችው፣ ያ ሠርግ ብቻ ሳይሆን የማዳም ሠርግ ሁሉ የእሷ ነው። ካልላከች ሌላ አሳሪ ተዘጋጅታ ቆማለች።

«ታዲያ ቪዲዮዎቹ ያሉት እዚህች ውስጥ አይደለም?» አልኩት።

«ጊዜ አለን እኮ! እስከዚያ አዲሷ ትገዛለች።»

«ውስጧ ያለውንስ ምን ላድርገው?»

«አጥፊው! ሁሉም ኢንተርኔት ላይ፣ ደመና ላይ ነው ያለው። ዘመኑ ተለውጧል፣ አቤኒ፤ ዛሬ ማንም ሰው ፎቶውን ስልኩ ላይ አያስቀምጥም። አላነበብሽም?»

ሌጎስ ላይ ደመና ሞልቷል። የሞሩፋት ፎቶዎች ግን እዚያ አልነበሩም፤ ስልኳን ገና ስከፍታት አይቼዋለሁ። ሁለት ሺህ ምናምን ፎቶ፣ ሦስት መቶ የሚሆን ቪዲዮ፣ የደንበኞቿ ቁጥር ሁሉ፣ እዚያችው ስልክ ላይ ብቻ። ላስረዳው እችል ነበር። ወደ ሌላ ልገለብጥላት እችል ነበር፤ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ግን ሰውየው ፊቴ ቆሞ «አላነበብሽም?» ሲለኝ ደሜ ፈላ። ያነበብክ አንተ ነህ፣ እንግዲህ ተወጣው አልኩ በሆዴ።

ዋጋ ላይ ስንደርስ ሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ ናይራ ጠራ።

«ኦጋ፣ እርስዎ ራስዎ ባለፈው ሳምንት ምን ብለው ነው የጻፉት?» አልኩት። «ነቄ ሰው ሌጎስ ላገለገለ ስልክ ከግማሽ በላይ አይሰጥም ብለዋል። ይቺ የት ነው ያገለገለችው?»

ፊቱ በራ። «ታነቢኛለሽ ማለት ነው?»

«ሁልጊዜ ነዋ!»

በመቶ ሃምሳ ሺህ ሰጠኝ። ደስ ብሎት፣ አመስግኖኝ ሄደ። ከረጢቷን እንኳ ረስቷት ነው የሄደው።

እሱ ከዓይኔ ሲጠፋ ስልኳን አጠፋኋት፤ ውስጧን ማለቴ ነው። ለንደን ያገለገለች ስልክ ሌጎስ ውስጥ የተነሳ ፎቶ ሊኖራት አይችልማ። ጀርባዋን በአልኮል ወለወልኩ፣ አዲስ ከቨር አለበስኳት፣ ወረቀቷን ለጠፍኩባት። ጭረቷን ግን ምንም ላደርጋት አልቻልኩም። ከዚያ መስታወት ውስጥ፣ ከፊት አስቀመጥኳት። ያን ቀን ምሳ በልቼ ጣመኝ፤ ለምን እዋሻለሁ?

አዲሷ ስልክ በተባለው ቀን ወጣች። ኦጋ ሱራጁ ያላነበበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዚያው ሳምንት ገንዘባችን ናይራ ወደቀች። ነጋዴው ሁሉ ዋጋ ጨመረ፤ አሮጌዎቹ መውረዱ ቀርቶባቸው ወደ ላይ ተተኮሱ። እሱ ግን «ነቄዎች ታገሡ! ዋጋው ለመውደቅ እየተንደረደረ ነው!» ብሎ ጻፈ። በማግስቱም «እየተንደረደረ ነው» አለ። አራት መቶ ሰው አብሮት ሲንደረደር ሰነበተ።

የቀጠሮው ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከልጁ ጋር መጣ። ሞሩፋት ጉንጯ ገብቷል። እጇ ላይ የያዘቻት ባለ ቁልፍ፣ ባለ ባትሪ መብራት ስልክ ናት፤ ትከሻዋ ላይ የገሌ ጨርቆቿን የያዘችበት ቦርሳ። «እንደምን አደሩ አንቲ» አለችኝ፣ እንደ ደንቡ ጎንበስ ብላ። ዓይኗን ማየት ከበደኝ። «ማዳም ዛሬ ደውላ ነበር፤ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልደረሰኝ ሌላዋን እጠራለሁ ብላለች» አለች ቀስ ብላ። አባትየው «ይደርሳል፣ ይደርሳል!» እያለ መስታወቴ ላይ ተደፋ።

የት ሄዶ ይስታታል? «ያቺን! ያቺን ከፊት ያለችውን አምጪያት!»

ይሄን ማየት ነበረባችሁ። መነጽሩን አጠለቀ፣ ስልኳን በሁለት ጣቱ አነሳት፣ ወደ ፀሐይ አዞራት። መንገደኛው መቆም ጀመረ። የገዛ ልጁን ስልክ፣ ሦስት ዓመት ከቤቱ የኖረችውን፣ አላወቃትም! ጥቁር ስልክ መቼም ሺህ ነው፤ አዲስ ከቨርም አድርጌባታለሁ። ግን ለዚህም አይደለም ያላወቃት። ሰውዬው ዜና እንጂ ስልክ አይቶ አያውቅም።

«እዩልኝ የቻርጀሩን ቀዳዳ!» አለ ለተሰበሰበው። «የኛ ሰው ቢሆን እንደ በር ቁልፍ ነበር የሚጎረጉረው! ባትሪዋን እዩት፤ ዘጠና አንድ! በሦስት ዓመቷ! ወላሂ፣ ነጭ ሰው ዕቃ መያዝ ያውቅበታል። የኛ ሴቶች እኮ በቅባት እጃቸው ነው የሚጨማለቁባት!»

«ይቺ ጭረትስ ኦጋ?» አለ አንዱ መንገደኛ።

ኦጋ ሱራጁ አንድ አፍታ እንኳ አላሰበም። «ብሮሽ ናት! የእንግሊዝ ሴቶች ደረታቸው ላይ ብሮሽ የሚባል የጌጥ መርፌ ያደርጋሉ። አንብቤዋለሁ።»

ሳቄ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። እዚያው ቀረ። ሞሩፋት እጇን ዘርግታ ስልኳን ከአባቷ ተቀበለች፤ አውራ ጣቷ ሳትፈልግ፣ ሳትሳሳት፣ ቀጥ ብሎ ጭረቷ ላይ ዐረፈ። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ የቻርጀር ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ።

«ስንት ነው?» አለ አባትየው።

«ሦስት መቶ ሃያ ሺህ» አልኩ።

ግማሽ ሰዓት ተከራከረ። አምስት ሺህ ቀነስኩለትና የአሸናፊ ፊት አሳየኝ። ገንዘቡን ሊያወጣ፣ ጥግ ላይ ዣንጥላ ዘርግታ በማሽን ገንዘብ ወደምታወጣዋ ሴትዮ ሄደ። ሰልፉ ረጅም ነበር። መንገደኛውም ተበተነ። ሞሩፋት ሲም ካርዷን ከባለ ቁልፍ ስልኳ አውጥታ ባለ ሦስት ዓይኗ ውስጥ ከተተችና ከፈተቻት። ፎቶ የሚቀመጥበትን ነካች። አንድም የለም። ቪዲዮውን ነካች። የስም ዝርዝሩን ነካች። ደግማ ነካች።

«አንቲ፣ ያለኝ ነገር ሁሉ የት ሄደ?»

«አባትሽ ናቸው አጥፊው ያሉኝ። ደመና ላይ ነው አሉ።»

«እሳቸውማ ይላሉ። እሳቸው ምን ያውቃሉ?» ድምጿ ከፍ አላለም። «አንቺስ? አንቺም ደመና ላይ መስሎሽ ነው?»

አንቺ አለችኝ። ያቺ ጎንበስ ብላ ካልሆነ ሰላም የማትለኝ ልጅ።

«የትኛዋ ስልክ እንደሆነች እኮ ወዲያው አላወቅኩም ነበር...» ብዬ ጀመርኩ።

ስልኳን ገልብጣ ጭረቷን ወደ ዓይኔ አስጠጋችው። «ይቺን ማን ነው ያደረጋት?»

ፊቴ ጋለ። «እሺ፣ ተይው» አልኳት። «በገዛሁበት እመልሳታለሁ። አባትሽ መቶ ሃምሳ ሺህ ብቻ ይክፈሉኝ፣ ትርፍ አልፈልግም።»

«እንዳታደርጊው!» አለች። «መቶ ሃምሳ ነው ያልሻቸው እንደሆነ፣ ሌጎስ ያገለገለ ነው ብለው ጥለዋት ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ እስከ ማታ ስልክ ያስፈልገኛል። ውድ ካልሆነች አይገዟትም፤ የኔ መሆኗን ካወቁማ ጭራሽ። ስለዚህ ለንደን እንዳገለገለች ትቆይ። አፍሽን ዝጊ።»

ልጅቷ እውነቷን ነበር። ውሸቴን መተው ፈልጌ መተው አልቻልኩም። ያን ያህል ደደብ አባት ቢኖራት ጥፋቱ የእኔ አይደለም ማለት አማረኝ፤ አፌ ግን እምቢ አለ።

ሰዓቷን አየች፤ ቦርሳዋን ከፈተች። ወርቃማ፣ ገና ያልታጠፈ የገሌ ጨርቅ አወጣች።

«ተቀመጪ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«የምልከው ቪዲዮ የለኝም፤ አጥፍተሽዋል። ራስ ያስፈልገኛል። እዚህ ያለው ራስ የአንቺ ነው።»

ተቀመጥኩ። ስልኳን የመስታወት ሳጥኔ ላይ፣ በቻርጀሮች ደግፋ አቆመቻት፤ ጀመረች። ጨርቁን ግንባሬ ላይ ስትስበው ዓይኔ ወደ ላይ ተወጠረ። «ጠበቀ» አልኩ። «ዝም በይ፣ ድምፅሽ ይገባል» አለችኝ። እጥፋት በእጥፋት ደረደረችው፤ ጣቶቿ ሳይቸኩሉ፣ አንድም ሳይደግሙ። አንድ ሰው ቆመ፣ አሥር ሰው ቆመ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ የስልክ ዋጋውን ትቶ እኔን ያያል። ወረቀት የሚያትመው ጎረቤቴ ማሽኑን አቁሞ መጣ። እንደዚያ ቀን አምሬ አላውቅም፤ እንደዚያም ቀን አፍሬ አላውቅም። ስትጨርስ አስይዛኝ የነበረውን ስፒል ጠየቀችኝ፤ እጄን ሳልነቃነቅ ዘርግቼ ሰጠኋት። ስልኳን አንስታ ዙሪያዬን ቀረጸችና ለማዳም ላከችው።

ኦጋ ሱራጁ ገንዘቡን ይዞ ሲመጣ ቪዲዮውን አሳየችው። ሰውየው ጮቤ ረገጠ። «እዩልኝ ካሜራውን! አልነገርኳችሁም? ያቺ የድሮዋ ስልክሽ እንዲህ ጥርት አድርጋ ታነሳ ነበር?» ለነቄዎቹ ሊልክ የተሰነጠቀች ስልኩን አወጣ። «ያቺን እንግሊዛዊት አላህ ይስጣት፣ እንዴት አድርጋ ነው የያዘቻት!»

«አሚን ይበሉ፣ አባባ» አለች ሞሩፋት። «በጣም ደክማባታለች።»

ገንዘቡን ቆጥሮ ሲሰጠኝ እጄ ላይ ከበደኝ። ሰማያዊዋን ከረጢት ከመሳቢያ አወጣሁና፣ አባትየው እየጻፈ ሳለ፣ ወደ እሷ ገፋ አደረግኳት። ሳታየኝ ተቀበለችኝ። ሊሄዱ ሲሉ ስልኳ ጮኸች፤ ማዳም ነበረች። «እሺ ማዳም... አዎ፣ ዛሬ ነው ያሰርኳት... አይ፣ ሞዴል አይደለችም፣ ስልክ ሻጭ ናት» ስትል ሰማሁ። አርባውም ራስ የእሷ ሆነ። ኦጋ ሱራጁ በቡድኑ ላይ «በለንደን ስልክ የተገኘ ሥራ!» ብሎ ጻፈው። አራት መቶ ሰው አጨበጨበለት። እስኪ አሁን ይሄን ሰው ምን ትሉታላችሁ?

ኅዳር ላይ እናቴ ሰባ ዓመት ሞላት። ድግስ ደገስን፣ ሐምራዊ ጨርቅ ለቤተ ዘመዱ ሁሉ ተገዛ፣ ገሌም ቀረበ። እናቴ «ያቺን የእህትሽ ሠርግ ላይ ያሰረችልሽን ልጅ ካላመጣሽልኝ አልወጣም» አለች። ሁለት ቀን አመነታሁ። በሦስተኛው ደወልኩ።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ እኮ ሞሩፋት! አቤኒ፣ የኢኬጃዋ።»

ከኋላዋ ሴቶች ሲሳሳቁ ይሰማል፤ ሥራ ላይ ነበረች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤቴ» አለች፣ እርስዎ ብላ፣ ጨዋ በሆነ ድምፅ፣ መንገድ ላይ ለሚያገኙት ሰው በሚሉት ዓይነት። «ቁጥርዎ የለኝም። ስልኬ ከለንደን ስትመጣ ባዶዋን ነው የመጣችው።»

ከዚያ ዋጋዋን ነገረችኝ፤ ለማታውቃቸው ሰዎች የምትጠራውን። ቅናሽ አልጠየቅኩም።